ከረቂቅ 0 እስከ ረቂቅ 5፦ የአንድ ቴክኒክ ጽሑፍ የአርትዖት ማስታወሻ

ሳምንት 1፣ ሰኞ። ረቂቅ 0

ርዕሰ ጉዳይ፦ ሥራ ላይ ባለ ትልቅ የፖስትግሬስ (የዳታቤዝ ሶፍትዌር) ሰንጠረዥ ላይ አገልግሎት ሳይቋረጥ ኢንዴክስ፣ ማለትም ፍለጋን የሚያፋጥን ዝርዝር፣ መጨመር። 2,900 ቃል፣ 31 አንቀጽ፣ 4 ስክሪንሾት፣ 1 ግራፍ። ጸሐፊው ሥራውን ራሱ የሠራው ኢንጂነር ነው። ሁለት ገምጋሚ ከቡድኑ፤ ከቡድኑ ውጪ አንድ አንባቢ ለመጨረሻው ተይዟል። መሣሪያ፦ ጎግል ዶክስ።

ሊንኩ «እስቲ እዩልኝ» ከሚል አንድ መስመር ጋር ተላከ። ሌላ መመሪያ የለም።

ሳምንት 1፣ ረቡዕ። 61 ኮሜንት

በሁለት ቀን 61 ኮሜንት ገባ። መልስ ከመስጠታችን በፊት በዓይነት ለየናቸው፦ 38 የፊደል፣ የነጠላ ሰረዝና የቃል ምርጫ፤ 14 የቴክኒክ፤ 6 የአወቃቀር፤ 3 «አሪፍ ነው»። ከ38ቱ 29ኙ የሰፈሩት በመጀመሪያዎቹ ሰባት አንቀጾች ላይ ነው። ሰው ከላይ ጀምሮ ሲያርም ጉልበቱ እዚያው ያልቃል፤ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ኮሜንቱ እየሳሳ ይሄዳል። ከ20ኛው አንቀጽ በታች የተሰጠው አራት ብቻ ነው።

በኋላ የተጨመረ፦ ሰባቱም አንቀጾች ረቂቅ 1 ላይ ወጡ። 29ኙ ኮሜንት አብሮ ተጣለ። ወደ አምስት የሰው ሰዓት ይሆናል።

የተደረገው፦ የቃልና የፊደል ኮሜንቶች ሳይመለሱ ለብቻ ፋይል ተቀመጡ፤ የቴክኒኮቹ ለሳምንት 2 ተያዙ። የአወቃቀሮቹ ስድስት ብቻ ክፍት ቀሩ። ሊንኩ እንደገና ተላከ፣ በዚህ ማስታወሻ፦

«ለማን፦ ዳታቤዝ በየቀኑ የሚጠቀም፣ ነገር ግን ሥራ ላይ ባለ ትልቅ ሰንጠረዥ ላይ ኢንዴክስ ጨምሮ የማያውቅ ኢንጂነር። ካነበበ በኋላ፦ ኢንዴክሱን መጨመር፣ ከከሸፈበትም ማጽዳት ይችላል። አሁን የሚፈለገው፦ ቅደም ተከተል፣ የጎደለና የሚወጣ ክፍል። አሁን የማይነካው፦ ፊደል፣ ቃል፣ ግራፍ። የመጨረሻ ቀን፦ ዓርብ።»

«አሁን የማይነካው» የሚለው መስመር ከሁሉም በላይ ሠርቷል። ገምጋሚው የፊደል ስህተት አይቶ ማለፍ ይከብደዋል፤ በጽሑፍ ሲፈቀድለት ግን ያልፋል።

ሳምንት 1፣ ዓርብ። አወቃቀር

ኮሜንት ከመጻፍ በፊት ሁለቱም ገምጋሚዎች በየአንቀጹ ጎን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ ይህ አንቀጽ ምን ይላል? 31 መስመር ወጣ፤ 40 ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ 31ዱን መስመር ብቻ አነበብን። የታየው፦

ችግሩ የሚነገረው 9ኛው አንቀጽ ላይ ነው። መፍትሔው 14ኛው ላይ ይመጣና 22ኛው ላይ ይደገማል። ኢንዴክሱ ሳይጠናቀቅ ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን የሚናገረው 26ኛው ውስጥ በቅንፍ የተቀመጠ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው። ለአንባቢው ከሁሉ የሚጠቅመው ይኸው ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነበር።

በረቂቅ 0 ላይ ተሰጥቶ የነበረው ኮሜንት «መግቢያው ይረዝማል፣ ያሰለቻል» ይላል። እውነት ነው፤ ግን ጸሐፊው በዚህ ላይ ምንም ማድረግ አልቻለም። ቃል ቀናንሶ መለሰው፣ ችግሩ ባለበት ቀረ። በአንቀጽ መስመሮቹ ላይ ተመሥርቶ እንደገና የተጻፈው ኮሜንት ደግሞ ይህ ነው፦ «3ኛውን አንቀጽ ጨርሼ ምን እንደተበላሸ ገና አላወቅኩም። ያገኘሁት 9ኛው ላይ ነው። 9ኛው መጀመሪያ ቢመጣ ከ1 እስከ 8 ካሉት የትኞቹ ያስፈልጋሉ?» የመጀመሪያው ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው አንባቢው የት ቦታ ላይ ምን እንደሆነ ይናገራል። ጸሐፊው በሁለተኛው ተነሥቶ በአንድ ቀን ውስጥ ረቂቁን ገለበጠው።

አንድ ክርክር ተነሣ። ጸሐፊው የሰንጠረዡን ታሪክ፣ ማለትም ዓምዶቹ መቼ ለምን እንደተጨመሩ፣ በአምስት አንቀጽ ጽፎታል። ሁለቱም ገምጋሚዎች «ይውጣ» አሉ፤ እሱ እምቢ አለ። «ይውጣ» የሚለውን ትተን ጥያቄ ጠየቅን፦ አንባቢው ይህን ካላነበበ፣ ወደ ታች የማይገባው ዓረፍተ ነገር የትኛው ነው? ጸሐፊው ራሱ ፈልጎ አንድ አገኘ፦ ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የሚቀርበው ጥያቄ) ለምን በሁኔታና በቀን እንደሚያጣራ የሚያስረዳው። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ወደ ችግሩ ተዛወረ፣ ሌላው «ትራፊ» የሚባል ፋይል ውስጥ ገባ። ትራፊ ፋይል መኖሩ ራሱ ይረዳል፤ የተቀመጠ ነገር እንደተጣለ አይቆጠርም።

ረቂቅ 1፦ 1,850 ቃል።

ሳምንት 2፣ ሰኞና ማክሰኞ። የቴክኒክ ማረጋገጫ

ደንቡ አንድ ነው፦ በጽሑፉ ያለ እያንዳንዱ ትእዛዝ ባዶ ኮንቴይነር (ከሌላው የተለየ የሙከራ አካባቢ) ውስጥ ይሮጣል፤ ወደ ጽሑፉም የሚገባው ከተርሚናል ተቀድቶ ነው። በእጅ መልሶ መጻፍ የለም። በዚህ ደንብ ብቻ አንድ ስህተት ወዲያው ተያዘ፦ በምሳሌው ላይ የኢንዴክሱ ዓምዶች ቅደም ተከተል ፕሮዳክሽን (ተጠቃሚዎች የሚሠሩበት ሲስተም) ላይ ካለው ተገልብጧል። በእኩልነት የሚጣራው ዓምድ ቀድሞ፣ በክልል የሚጣራው ቀን ተከትሎ መምጣት ነበረበት። ተገልብጦም ኢንዴክሱ ይፈጠራል፣ ስህተት አይሰጥም፤ ኩዌሪው ግን ብዙ የኢንዴክሱን ክፍል በከንቱ ይቃኛል። አንባቢው ቢቀዳው ለምን እንዳልፈጠነለት በፍጹም አያውቅም ነበር።

ሌሎቹ ስህተቶች፦

ረቂቁ፣ ኢንዴክስ ስለሚፈጥረው ትእዛዝ፣ «ክሪኤት ኢንዴክስ ኮንከረንትሊ ሰንጠረዡን አይቆልፍም» ይላል። ይቆልፋል፤ የሎኩ (የቁልፉ) ዓይነት ነው ቀለል ያለው። ተራው ክሪኤት ኢንዴክስ «ሼር» ሎክ ስለሚይዝ ማንበብ ይቀጥላል፣ ኢንሰርት፣ አፕዴትና ዲሊት (ማስገባት፣ መቀየርና መሰረዝ) ግን እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ኮንከረንትሊ ሲጨመር መጻፉም ይቀጥላል፤ ነገር ግን በዚያው ሰንጠረዥ ላይ ሌላ ኢንዴክስ መገንባትና ቫክዩም (የሞቱ ረድፎችን ማጽዳት) ማካሄድ አይቻልም። ዋጋው ጊዜ ነው፦ ሰንጠረዡን ሁለቴ ይቃኛል፣ በመሐልም ቀድመው የተከፈቱ ትራንዛክሽኖች (አንድ ላይ የሚጸኑ ወይም የሚሻሩ ሥራዎች) እስኪዘጉ ይጠብቃል። አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የተወው ትራንዛክሽን ካለ ግንባታው ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያድራል።

የቅንፉ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ወደ ሙሉ ክፍል አደገ። ግንባታው መሐል ላይ ከከሸፈ «ኢንቫሊድ» (የማያገለግል) የሆነ ኢንዴክስ ይቀራል። ኩዌሪዎች አይጠቀሙበትም፤ በእያንዳንዱ መጻፍ ላይ ግን ሊሻሻል ስለሚችል ያለ ጥቅም ወጪ ያስከትላል። ረቂቁ ያለው «ትእዛዙን እንደገና ያስኪዱ» ነበር። ያ አይሠራም፤ ስሙ ተይዟል። መጀመሪያ በድሮፕ ኢንዴክስ ኮንከረንትሊ መሰረዝ፣ ከዚያ እንደገና መፍጠር። ከስሪት 12 ወዲህ ሪኢንዴክስ ኮንከረንትሊ የሚባል ሌላ መንገድም አለ። «ኢፍ ኖት ኤግዚስትስ» («ከሌለ ብቻ») የሚለውን የሚጨምር ሰው ደግሞ የባሰ ይሳሳታል፦ ትእዛዙ ስሙን አይቶ ብቻ ያልፋል፤ የተበላሸው ኢንዴክስ እንዳለ ሆኖ ሥራው የተሳካ ይመስላል። ይህ በጽሑፉ ውስጥ በማስጠንቀቂያ ሳጥን ገባ።

አንድ ገምጋሚ ቀድሞ ያየው፣ ግን ሳይታረም ያለፈ፦ ረቂቁ «ከማንኛውም ኩዌሪ በፊት ኤክስፕሌይን አናላይዝ ያድርጉ» ይላል። ኤክስፕሌይን አናላይዝ ኩዌሪው እንዴት እንደሚሠራና ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ለማሳየት በእርግጥ ያስኬደዋል። ዲሊት ከሆነ ይሰርዛል። የገምጋሚው ኮሜንት «እዚህ ጋ ምናልባት ትንሽ ብናብራራው?» የሚል ነበር፤ ጸሐፊው «ግልጽ ይመስለኛል» ብሎ ዘጋው። ጨዋነቱ አደጋውን ሸፈነው። አሁን ያለው፦ «የሚቀይር ኩዌሪ ከሆነ በቢጊንና በሮልባክ መካከል ያስኪዱት።» ሮልባክ ለውጡን ይሽረዋል።

ከዚህ ተነሥቶ እያንዳንዱ ኮሜንት በአንድ ቃል እንዲጀምር ተወሰነ። «ማገጃ»፦ ይህ ሳይስተካከል አይወጣም፤ ምክንያቱ አብሮ ይጻፋል። «ሐሳብ»፦ ጸሐፊው ይወስናል። «ጥቃቅን»፦ መልስ አያስፈልገውም። ምልክቱ ከድምፀቱ ሲለይ ሁለቱም ይቀላሉ። «ማገጃ። ይህን ዲሊት ላይ የሚሞክር ሰው ውሂቡን ያጣል። ማስጠንቀቂያ ቢጨመርበት» ማንንም አያስቀይምም፣ ማንም ደግሞ አይዘለውም። «አስተካክል»፣ «ቀይር» የሚሉ ባዶ ትእዛዞች ቀሩ፤ በቃል ሲነገሩ የማይጎረብጡ፣ በጽሑፍ ግን የሚያስደነግጡ ናቸው፣ በተለይ ከአለቃ ሲመጡ።

ሳምንት 2፣ ረቡዕ። «40 እጥፍ»

የረቂቁ ርዕስ «ኩዌሪውን 40 እጥፍ ያፈጠነ ኢንዴክስ» ይላል። 1.9 ሴኮንድ ወደ 48 ሚሊሴኮንድ። ስሌቱ ትክክል ነው። ልኬቱ አይደለም።

ገምጋሚው የጠየቀው፦ «ሁለቱም ልኬቶች ሲወሰዱ ካሹ (በቅርብ የተነበበው የሚቀመጥበት ማህደረ ትውስታ) በምን ሁኔታ ላይ ነበር?» በኤክስፕሌይን ላይ አናላይዝና ገጹ ከየት እንደተነበበ የሚያሳየው በፈርስ አንድ ላይ ተጠይቆ ታየ። በፊተኛው ልኬት አብዛኛው ገጽ «ሪድ» ነው፣ ማለትም ከፖስትግሬስ የራሱ ማህደረ ትውስታ ውጪ የመጣ፤ በኋለኛው ሁሉም «ሂት»፣ ከዚያው ማህደረ ትውስታ የተገኘ። ማለትም ከፊሉን ፍጥነት የሰጠው ካሹ ነው። ሁለቱንም አምስት አምስት ጊዜ አስኪዶ የመጀመሪያውን ጥሎ መካከለኛውን መውሰድ፦ 1.1 ሴኮንድና 46 ሚሊሴኮንድ፤ ወደ 24 እጥፍ።

ጸሐፊው ትንሽ ከፍቶት ነበር፣ ይገባናል። ግን 24 እጥፍ በራሱ ትልቅ ነው፤ አንባቢም ራሱ ሞክሮ የሚያገኘው ይህን ነው። ቁጥሩ ከርዕሱ ወጣ፤ በውስጥ ከልኬቱ ዘዴ ጋር ተቀመጠ። ርዕሱም «ሥራ ሳያቆሙ ኢንዴክስ መጨመርና ሲከሽፍ ማጽዳት» ሆነ።

ግራፉ፦ ቋሚው መስመር አሃድ አልተጻፈበትም፤ አማካይ ይሁን ፒ99 (ከመቶ ጥያቄ 99ኙ የማያልፉት ጊዜ) አልተገለጸም። ተጻፈ። ፒ99 ነው።

ሳምንት 2፣ ሐሙስ። ስክሪንሾት

ከአራቱ በአንዱ ላይ የአንድ ተጠቃሚ ኢሜይል ይነበባል፤ በሌላው ላይ የሰርቨሩ ሙሉ ስም። ሦስት ሰው አንብቦታል፣ ሦስቱም ጽሑፉን እንጂ ሥዕሉን አላዩም። አራቱም ወጡ፤ በቦታቸው የተርሚናል ውጤት እንደ ጽሑፍ ገባ። ይህ ለመቅዳትም፣ በስክሪን አንባቢ ለሚጠቀምም ይሻላል።

ማስታወሻ ለሚቀጥለው፦ ሥዕሉን ከዶክሱ መሰረዝ ከቀደሙ ቅጂዎች ታሪክ አያጠፋውም። ጊት (የፋይል ለውጦችን ታሪክ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ ቢሆንም እንዲሁ፤ በቀጣዩ ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) የተሰረዘ ፋይል በቀደመው ውስጥ አለ። ስለዚህ ወደ ጊት የተወሰደው ንጹሑ ጽሑፍ ብቻ ነው፣ በአዲስ ብራንች።

ሳምንት 3፣ ሰኞ። ወደ ጊት መዛወር፣ ነቁጥና ፊደል

የቋንቋ አርትዖቱ በማርክዳውን (በተራ ጽሑፍ ፋይል) እና በፑል ሪኩዌስት (ለውጥ ለግምገማ በሚቀርብበት መንገድ) እንዲሆን ተወሰነ። መጀመሪያ አንድ አንቀጽ በአንድ ረጅም መስመር ገባ። ውጤቱ፦ አንድ ቃል ሲቀየር ዲፉ (የድሮውንና የአዲሱን ልዩነት የሚያሳየው) አንቀጹን በሙሉ ቀይና አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ኮሜንቱም ከየትኛው ዓረፍተ ነገር ጋር እንደሆነ አይታወቅም።

ቀጥሎ የተሞከረው፦ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በራሱ መስመር ማስጀመር። ማርክዳውን ባዶ መስመር እስካልገባ ድረስ መልሶ አንድ አንቀጽ ያደርገዋል። ብራያን ከርኒግሃን ገና በ1970ዎቹ ለዩኒክስ ሰነድ ጸሐፊዎች የሰጠው ምክር ነው፤ ዛሬም ይሠራል። አንድ ተጨማሪ ጥቅም፦ የረዘመ ዓረፍተ ነገር ዓይን ላይ ወዲያው ይወጣል።

መስመሮቹን በአራት ነጥብ የሚቆርጥ ትንሽ የፓይተን ስክሪፕት ተጻፈ። ከዓረፍተ ነገሮቹ ግማሹን አልቆረጠም። ምክንያቱ፦ ረቂቁ ሁለት ዓይነት አራት ነጥብ አለው። አንዱ «።» የሚለው አንድ ቁምፊ፤ ሌላው «፡» ሁለት ጊዜ ተመትቶ «፡፡» የሆነ። ስክሪን ላይ አንድ ይመስላሉ፣ ለማሽን ግን ሌላ ናቸው። መጀመሪያ ሁሉም ወደ «።» ተቀየረ፣ ከዚያ ተቆረጠ። ሠራ።

ስክሪፕቱ በዚያው የቃል ወጥነትም እንዲፈትሽ ተደረገ። ረቂቁ ውስጥ «ሰንጠረዥ» እና «ሠንጠረዥ»፣ «ዳታቤዝ» እና «ዳታ ቤዝ»፣ «ኢንዴክስ» እና «ማውጫ» ተደባልቀዋል። የመጨረሻው ከፊደል ያለፈ ነው፦ አንባቢው ሁለት የተለያየ ነገር ይመስለዋል። «ኢንዴክስ» ተመረጠ፣ «ማውጫ» በሙሉ ወጣ። ፍለጋው መጀመሪያ ሙሉ ቃል እየፈለገ ብዙ አመለጠው፤ «ሠንጠረዥ» ብለው ቢፈልጉ «ሠንጠረዡ» አይገኝም፣ የመጨረሻው ፊደል ተለውጧልና። «ሠንጠረ» ብሎ በግንዱ መፈለግ ነው መፍትሔው። «በሠንጠረዦቹ» እንኳ በዚያ ይያዛል።

ሦስተኛ ዝርዝር፦ «በቀላሉ»፣ «እንደሚታወቀው»፣ «ግልጽ እንደሆነው»። 17 ጊዜ ተገኙ። ስክሪፕቱ ምልክት ያደርጋል፣ አይሰርዝም። 15ቱ ወጡ። ያልገባው ሰው «በቀላሉ» የሚለውን ሲያነብ የሚረዳው ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ ያ ከባድ ጉዳት ነው።

ሳምንት 3፣ ማክሰኞ። የተከለሰ ክፍል

አንድ ገምጋሚ የኢንቫሊድ ኢንዴክሱን ክፍል ኮሜንት ከመስጠት ይልቅ ራሱ እንደገና ጻፈው፤ 400 ቃል ገደማ። አጻጻፉ ያማረ ነው። ሁለት ችግር ግን አለበት። «ሊሻሻል ይችላል» የነበረው «ሁልጊዜ ይሻሻላል» ሆኗል፤ ግንባታው በየትኛው ደረጃ እንደከሸፈ ይወስነዋልና ትክክል አይደለም። ደግሞም ክፍሉ በሌላ ሰው ድምፅ ይናገራል። ተመለሰ። ገምጋሚው የሚታየውን ችግር በሦስት ኮሜንት ጻፈው፣ ጸሐፊው በ25 ደቂቃ አስተካከለው።

የተወሰደው ልክ፦ በፑል ሪኩዌስት «ሰጀሽን» (ተተኪ ጽሑፍ) ሆኖ የሚቀርበው ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። ለፊደል ግድፈት ግን ሰጀሽን ከሁሉ ይሻላል፤ ጸሐፊው በአንድ ጠቅታ ይቀበላል፣ ብዙዎቹንም በአንድ ኮሚት ማጠቃለል ይቻላል።

ሳምንት 3፣ ረቡዕ። ኮሜንት መቀበል

የጸሐፊው መልስ ከሦስት አንዱ ነው፦ ተቀብያለሁ፤ በሌላ መንገድ አስተካክያለሁ፤ አልተቀበልኩም፣ ምክንያቱም። ሦስተኛው አንድ መስመር ምክንያት ይዞ ካልመጣ አይቆጠርም። ኮሜንቱን የሚዘጋው የከፈተው ሰው ነው። የኤክስፕሌይን አናላይዙ ስህተት ሊያልፍ የቻለው ጸሐፊው ራሱ ስለዘጋው ነው።

ስለ ቢ-ትሪ፣ ማለትም ኢንዴክሱ ስለተደራጀበት መዋቅር፣ እርስ በርሱ የሚጋጭ አንድ ጥንድ ነበር። አንዱ፦ «ቢ-ትሪ ምን እንደሆነ ይብራራ።» ሌላው፦ «የቢ-ትሪው አንቀጽ ይውጣ፣ ሁሉም ያውቀዋል።» ጸሐፊው መሐል ለመግባት ብሎ አንቀጹን በግማሽ ቀነሰው፤ ሁለቱም አልወደዱትም። ሁለት ሰው በተቃራኒ መድኃኒት አንድ ቦታ ላይ ከጠቆመ፣ ቦታው ታሟል ማለት ነው፤ መድኃኒቱን ግን ከሁለቱም መውሰድ ግዴታ አይደለም። ወደ «ለማን» መስመር ተመለስን። አንባቢው ኢንዴክስ ያውቃል፤ የማያውቀው የዓምድ ቅደም ተከተል ለምን እንደሚወስን ነው። አንቀጹ ወጥቶ በቦታው ሁለት ዓረፍተ ነገር ገባ፦ ኢንዴክሱ በመጀመሪያው ዓምድ፣ በዚያ ውስጥ በሁለተኛው እንደተደረደረ፤ ስለዚህ አንድ ሁኔታ ሲመረጥ ቀኖቹ ጎን ለጎን እንደሚገኙ።

ስለ ምስጋና፦ ረቂቅ 2 ላይ ጸሐፊው ቃል ለመቀነስ ብሎ ስለ ክፍት ትራንዛክሽኖች የሚናገረውን አንቀጽ ሊያወጣው ነበር፤ ጥሩ መሆኑን የነገረው የለም። «ሌሊቱን ክፍት የቀረው ትራንዛክሽን ምሳሌ መጠበቁን በደንብ አሳየኝ፣ አይነካ» የሚል ኮሜንት በዚያ ቀን ባይገባ ጠፍቶ ነበር። «አሪፍ ነው» ይህን አይሠራም።

ሳምንት 3፣ ዓርብ። የውጪው አንባቢ

አንድ ሰዓት ተያዘ፣ ስክሪን እየተጋራ። አንባቢዋ እያነበበች የምታስበውን ትናገራለች፣ የሙከራ ዳታቤዝ ላይም ትሞክራለች። ጸሐፊው ይሰማል፣ አያስረዳም። ይህ ለጸሐፊው ከባድ ነው፤ ማይኩ ተዘጋ።

14ኛው ደቂቃ ላይ ትእዛዙን በማይግሬሽን (የዳታቤዝ ለውጥ በሚጻፍበት) ፋይል ውስጥ አስገብታ አስኬደች። ስህተት፦ ክሪኤት ኢንዴክስ ኮንከረንትሊ በትራንዛክሽን ብሎክ ውስጥ አይሠራም። ብዙ የማይግሬሽን መሣሪያዎች እያንዳንዱን ፋይል በራሳቸው በትራንዛክሽን ይጠቀልሉታል። ጽሑፉ ይህን ይናገራል፤ ነገር ግን ከትእዛዙ ሁለት አንቀጽ በታች። ሰው ትእዛዝ ሲያይ ማንበቡን አቁሞ ይቀዳል። ሦስታችንም ደጋግመን አንብበን አላየነውም፣ መልሱን ስለምናውቀው። ማስጠንቀቂያው ከትእዛዙ በፊት መጣ፤ በሙከራው ማይግሬሽን ላይም ትራንዛክሽኑን የሚያጠፋ መስመር ተጨመረ።

ሌሎች ሁለት ቦታዎች ላይ ቆማለች። አንዱ ኢንዴክሱ የሚያገለግል መሆኑን የሚያሳየው «ኢንዲስቫሊድ» ዓምድ በየትኛው የካታሎግ (የፖስትግሬስ የራሱ መዝገብ) ሰንጠረዥ እንዳለ አለመገለጹ ነው፤ ፒጂ-ኢንዴክስ ውስጥ ነው፣ ኩዌሪው ሙሉ ገባ። ሌላው የትየባ ስህተት።

ሳምንት 4፣ ማክሰኞ። ረቂቅ 5

1,980 ቃል። የፈጀው፦ ጸሐፊው 19 ሰዓት፣ ገምጋሚዎች 7 ተኩልና 6፣ የውጪዋ አንባቢ 1። ከገምጋሚዎቹ 13 ተኩል ሰዓት አምስቱ ያ የመጀመሪያው ዙር ነው።

ለሚቀጥለው ጽሑፍ የተቀየረ፦ የአንቀጽ መስመሮቹን የሚያወጣው ጸሐፊው ራሱ ይሆናል፣ ረቂቁን ከመላኩ በፊት። የውጪ አንባቢ ወደ ረቂቅ 2 ይመጣል፤ የማይግሬሽኑ ነገር በሳምንት 3 መጨረሻ መገኘቱ ዘግይቷል። ስክሪፕቱ በየኮሚቱ በራሱ እንዲሮጥ ተደርጓል።

ክፍት የቀረ አንድ ኮሜንት፦ «ፓርቲሽን የተደረገ (በክፍሎች የተከፈለ) ሰንጠረዥ ላይስ?» በወላጁ ሰንጠረዥ ላይ በቀጥታ ኮንከረንትሊ አይፈቀድም፤ በእያንዳንዱ ፓርቲሽን ላይ ለየብቻ ገንብቶ ከወላጁ ኢንዴክስ ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል። ሙከራው ገና አልተሠራም፤ ሳይሮጥ አይገባም።